ቁልፉ ቡሬ ያስተምራል

እኛ አገር አንድ ሰው ሥራውን በደንብ ከሠራ የሚሸለመው ሁለተኛ ሥራ ነው። ሁለተኛውን ችሎ ከተገኘ ሦስተኛ ይጨመርለታል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውን መሥራት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ «ልምድ ያለው» ይባልና ኮሚቴ ውስጥ ይገባል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ያሉት አባቶቻችን ነገሩን አሳምረው አይተውታል። ያላዩት ነገር ቢኖር አለቃ የሚባለውን ሰው ነው። አለቃ እግራችሁን አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ዛፉን ነው። እናንተም አንዱ ላይ ተንጠልጥላችሁ ሌላውን እያያችሁ ትኖራላችሁ።

ይህን የምላችሁ ደክሞኝ ስለተቀመጥኩ ነው። ሳይደክመኝ ብታገኙኝ ኖሮ ስለ ንባብ ጥቅም አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምራችሁ ነበር፤ ተርፋችኋል።

ሙያዬ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት ነው። በዚያ ግምገማና «ምርጥ ተሞክሮ» የማይቀርበት ስብሰባ በሌለበት ዘመን፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ መጽሐፍ አበድር ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲገባ «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ማስታወቂያዬን የማያከብረው ዝናቡ ብቻ ነበር። መጽሐፍ ፈላጊ በማበደሪያዋ መስኮት መታወቂያውን ያቀብለኛል፣ እኔ ከመደርደሪያው አውጥቼ እሰጠዋለሁ፣ ወንበር ካገኘ ተቀምጦ ያነባል፤ ካላገኘ ግድግዳ ተደግፎ ያነባል። ደስ የሚል ሥራ ነበር። የደስ ደሱን ያወቅሁት ግን ከተወሰደብኝ በኋላ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳችሁ፤ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም። መጽሐፎቹ በሙሉ በእኔ ስም የተመዘገቡ ናቸው። በመንግሥት ቤት ንብረት በስምህ ነው ማለት ቁልፉን ለሌላ ሰው መስጠት አትችልም ማለት ነው። መስጠት ከፈለግህ ርክክብ ይደረጋል፤ ርክክብ ማለት ኮሚቴ ተቋቁሞ መጽሐፉን ሁሉ አንድ በአንድ መቁጠር ነው፤ የዚያ ኮሚቴ አባላት ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ኮሚቴ ላይ ናቸው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰው ለአንዲት ቀን ሐዘን ለመድረስ ብለው ቁልፉን ለጓደኛቸው ትተው ሄዱ። ሲመለሱ አንድ አትላስ ጎድሏል ተባሉ። ጡረታ ወጥተው እንኳ ያንን አትላስ ሲፈልጉ ነው የኖሩት፤ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ከጤናዬ በፊት የሚጠይቁኝ አትላሱን ነበር። እኔም ከእሳቸው ተምሬ ቁልፌን ከኪሴ አላወጣም ነበር። ገበያ ስሄድ አብሮኝ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለምም አብሮኝ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ንብረት ያዥ ከሁለቱም ይብሳል።

ታዲያ አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ላይብረሪያን አካዳሚክ ሠራተኛ ነው ወይስ የአስተዳደር?» የሚል ነገር ተነሣ። ያነሣሁት እኔው ነበርኩ። አካዳሚክ መባል እፈልግ ነበር፤ ክብር አለዋ! ቤት ሲታደል እንኳ ወረፋው ይለያል። ረጅም ውይይት ተደረገና «አካዳሚክ ከሆነ ያስተምራ!» ተብሎ ተዘጋ። በማግስቱ «የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም» የሚል ትምህርት ተሰጠኝ፤ ስሜም ከ«ላይብረሪው» ወደ «መምህር» ተለወጠ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታዩልኛላችሁ። እኔ ክፍል ገብቼ «ቤተ መጻሕፍት መጠቀም ልመዱ» እያልኩ ሳስተምር ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው። ከክፍል ወጥቼ ስከፍተው ተማሪዎቼ ሌላ ክፍል ገብተዋል። እነሱ ነፃ ሲሆኑ እኔ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ነኝ። ቅዳሜ ብቻ ቀርታኝ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ከየገጠሩ ትምህርታቸውን ለማሻሻል የሚመጡ አስተማሪዎች ስላሉ እስከ ቀትር እከፍትላቸው ነበር።

ቅዳሜንም ቡሬ ወሰደችብኝ። «መምህር» የሚባል ስም ሩቅ ይሰማል መሰለኝ፣ ቡሬ የተከፈተ አንድ የግል ኮሌጅ በየቅዳሜው እየመጣሁ ያንኑ ትምህርት እንድሰጥ ለመነኝ። የመንግሥት ደመወዝ ወር ሳይሞላ የሚያልቅ ነውና እሺ አልኩ። ኮሌጁ ግን ቤተ መጻሕፍት የለውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ! ሰሌዳው ላይ በጠመኔ መደርደሪያ እስላለሁ፣ መደርደሪያው ላይ መጽሐፍ እደረድራለሁ፣ ተማሪዎቹ ቁጥሩን ተከትለው መጥተው በጣታቸው ይነኩታል። ሰዓቱ ሲያልቅ ቤተ መጻሕፍቱን በዳስተር አጠፋዋለሁ። ባለቤቴ አንጓች ይህን ሁሉ ሩጫዬን ስታይ ቆይታ አንድ ቀን፣ «ለእኛም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ መድብልን እንጂ» አለችኝ። ልቀልድ ብዬ ፊቷን ሳየው የቀልድ አልነበረም።

አሁን ወደ መምህርት ስመኝ ልምጣ። ስመኝ ከቋሪት ወረዳ፣ ከገበዝ ማርያም ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ካለ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የምታስተምር ሴት ናት። ያላት ሰርተፊኬት ነው፤ በሰርተፊኬት ማስተማር ደግሞ ሊቀር ነው ተብሎ ሁሉም ወደ ዲፕሎማ አሻሽል የተባለበት ጊዜ ነው። እሷም ከክረምት ክረምት ወደ ኮሌጃችን እየመጣች ስትማር አንዲት የምዘና ትምህርት ጣለቻት። ድጋሚ ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ካላለፈች ከማሻሻያው ትሰናበታለች፤ አንደኛ ክፍሏንም ትለቃለች። «እርሳስ አያያዝ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፤ ለማን ትቻቸው ልሂድ?» ትል ነበር። የትምህርቱ ዋና መጽሐፍ ደግሞ በአገሩ ያለው አንድ ቅጂ ነው፤ እሱም ያለው እኔ ዘንድ ነው። አንዱን መጽሐፍ ሁሉም ሠልጣኝ ስለሚፈልገው «ከቤተ መጻሕፍት አይወጣም» የሚል ማኅተም መትቼበታለሁ። ስመኝ ከሰኞ እስከ ዓርብ ታስተምራለች። ለማንበብ ያላት ቅዳሜ ናት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከገበዝ ማርያም ወርዳ ስትመጣ በሩ ተከርችሟል። የኮሌጁን ጥበቃ አያ አለኸኝን ጠየቀቻቸው። አያ አለኸኝ ቀልድ የማያውቁ፣ የጠየቋቸውን ብቻ የሚመልሱ ሽማግሌ ናቸው። «ቤቱ አለ፤ መጽሐፉም አለ፤ ቁልፉ ግን ቡሬ ያስተምራል» አሏት። ሰኞ ለእኔም እንዲሁ አድርገው ነው ሪፖርት ያቀረቡልኝ። «አንዲት ሴት መጥታ ቁልፉ ቡሬ ያስተምራል ብያታለሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ በሶዋን በልታ ሄደች» አሉኝ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣች፤ በሚቀጥለውም በሶዋን በልታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም አልወረደችም። ቀጥታ ቡሬ መጣች።

እኔ ሰሌዳው ላይ የሳልኩትን መደርደሪያ ተደግፌ «ቤተ መጻሕፍት ማለት ለሁሉም ክፍት የሆነ ቤት ነው» እያልኩ ነው። ከኋላ ወንበር አቧራ የለበሰ ኮንጎ ጫማ ያደረገች፣ ነጠላዋን የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች፤ ዘግይታ የተመዘገበች መስላኝ ትምህርቴን ቀጠልኩ። ጥያቄ ያለው ስል እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ያስተማሩት ሁሉ ገብቶኛል። ይኼ ለሁሉም ክፍት የሆነው ቤት፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ ሄደ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ግን ምን ብዬ? ውጭ ወጥተን ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች፣ ምን እንደጎደላት ነገረችኝ። ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ትምህርቱን አቋርጬ እንዳልሄድ ከሰዓትም ክፍል አለኝ። ያንን አትላስ አሰብኩ። ከዚያ፣ እኔ እንጃ ምን እንደነካኝ፣ ቁልፉን አውጥቼ ሰጠኋት። ያ ሁሉ የመንግሥት ንብረት ከኪሴ ወጥቶ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ተቋጠረ።

«አደራ!» አልኳት።

«በሰማይም በምድርም» ብላ ወደ መነኸሪያ ሮጠች።

ያን ዕለት ያስተማርኩትን አልነግራችሁም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። ልቤ ፍኖተ ሰላም ነበር። የከሰዓቱን ክፍል ጨርሼ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ደግሞ እየቆመ ሰው ሲጭን ረዳቱን ልደበድበው ምንም አልቀረኝም። ኮሌጁ ግቢ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቤቱ ጢም ብሏል። እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። መስኮቷ ጋ የኮሌጅ ጎረምሶች ተሰልፈዋል፤ ስመኝ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ «እጅ! እጃችሁን አሳዩኝ!» ትላለች። ጢም ያበቀለው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ያሳያታል፤ የቆሸሸውን «ታጥበህ ና» ብላ ትመልሰዋለች፤ ይሄዳል ደግሞ! መደርደሪያው ተወልውሏል። አንድ መጽሐፍ አልጠፋም። የእሷ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ከፊቷ ተገልጦ ተቀምጧል።

«እህ፣ እስከየት ደረስሽ?» አልኳት።

«ማውጫውን ጨርሻለሁ» አለችኝ።

በሩን ከፍታ ገና ከመቀመጧ ሰው አይቶ ኖሯል። አንዱ ገባ፤ ሌላው ተከተለ። «ምን ላድርግ መምህር? የመጣን ሰው ዝግ ነው ብዬ ልመልስ? እኔ ስመለስ እንዴት ሆድ እንደባሰኝ አውቀው የለ!» አለችና ቁልፉን ከነጠላዋ ፈታ ሰጠችኝ። የገበዝ ማርያም መኪና እንዳያመልጣት መሄድ ነበረባት። ያን ጊዜ በጣም አዘንኩላት። ድጋሚ ፈተናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ነበርና ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ቡሬ አልሄድም፣ እኔ ራሴ ከፍቼ እጠብቅሻለሁ፣ አንቺ ከማንበብ በቀር ምንም አትሠሪም ብዬ ቃል ገባሁላት። ከልቤ ነበር።

ነገር ግን ያን ቅዳሜ የኮሌጁ ዲን ከዞን የመጡ እንግዶች ይዞ በግቢው ሲያልፍ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሞልቶ አይቶ ኖሯል። ዲናችን ቶሎ የሚራመድ፣ ቶሎ የሚናገር ወጣት ነው፤ ሞባይል ገና የኃላፊ ጌጥ በነበረበት በዚያን ጊዜ እሱ እያወራበት ነበር የሚሄደው። ሰኞ ጠራኝ።

«መምህር፣ በቅዳሜ ይኼን ያህል አገልግሎት! ተቀምሮ መስፋት አለበት።»

«ኧረ እኔ አልነበርኩም» አልኩት። «ቡሬ ነበርኩ። የከፈተችው አንዲት ሠልጣኝ ናት።»

ትንሽ አሰበ። እውነቱን መናገሬ የሚጠቅመኝ መስሎኝ ነበር። «ተገልጋዩን ያሳተፈ አሠራር!» አለ ብድግ ብሎ። «ይኼማ ይበልጣል!»

በዚህ ዓይነት በየቅዳሜው ወደ ወረዳዎች እየሄድኩ ስለ ቅዳሜው አገልግሎታችን ተሞክሮ እንዳካፍል ተመደብኩ። የቡሬው ትምህርት ወደ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ተዛወረ። መጀመሪያ ወንበርማ ወረዳ፣ ሽንዲ ከተማ ላኩኝ። ሽንዲ አዳራሽ ቆሜ «ቤተ መጻሕፍታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍት ነው» ስል ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነበር። ማንም አልታዘበኝም። በስብሰባ ላይ ሰው የሚታዘበው ምሳ ሲዘገይ ብቻ ነው። ከሽንዲ ቀጥሎ የተመደብኩት ገበዝ ማርያም ነው፤ ቀኑ ደግሞ ለስመኝ ቃል የገባሁባት ቅዳሜ ሆና አረፈችው።

ዲኑን ለመንኩት። «የአንድ ሰው ጉዳይና የአንድ ወረዳ ጉዳይ እንዴት ይወዳደራል?» አለኝ።

«እሺ፣ እንግዲያው ቁልፉን እርስዎ ይያዙልኝና ሰው ይክፈትላት» ብዬ ዘረጋሁለት። እጁን ሰብሰብ አደረገ። «ያለ ርክክብማ እንዴት ብዬ!» አለ። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን አልቀበልም ነበር።

ወደ አያ አለኸኝ ሄድኩ። «መምህር፣ እኔ የተቀጠርኩት በር እንድጠብቅ እንጂ እንድከፍት አይደለም» አሉኝ። ፊቴን አይተው ግን አዘኑልኝ መሰል፣ «መጽሐፉን አምጡልኝ፤ አንድ መጽሐፍ አልፈራም» አሉ። ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ፣ ራሴ ማኅተም የመታሁበትን መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየሁ ለአያ አለኸኝ አስረከብኩ። ነገ ስትመጣ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ እንድታነብ፣ ሰው እንዳያስቸግራት አስጠነቀቅሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ገበዝ ማርያም ስወጣ ልቤ ቀለል ብሎት ነበር። ከላይ በሚወርደው አይሱዙ ሁሉ ላይ የእሷን ነጠላ እፈልግ ነበር፤ አንዲቷን አየሁ መስሎኝም እጄን አውለበለብኩ።

ገበዝ ማርያም ብርዱ የደጋ ነው፤ አዳራሹ ጋቢ በጋቢ ሆኗል። መድረኩ ላይ ወጥቼ፣ ዲኑ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ንግግሬን ጀመርኩ። «ቅዳሜ ቅዳሜ…» ከማለቴ ዓይኔ ፊት ለፊት ወንበር ላይ አረፈ። ስመኝ! ወይ እመቤቴ! የወረዳው መምህር በሙሉ እንዲገኝ፣ የቀረ በግምገማ እንደሚጠየቅ ታዞ ኖሯል። መጽሐፉ ፍኖተ ሰላም ጥበቃ ቤት፣ ቁልፉ እኔ ኪስ፣ አንባቢዋ ገበዝ ማርያም አዳራሽ። ሁላችንም ሥራ ላይ ነን።

እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ጥያቄ ሲባል ስመኝ ተነሣች። እንደ ቡሬው ዕለት ለነገር አልነበረም፤ የምሯን ነበር።

«መምህር፣ ያ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም ክፍት ነው?»

ዲኑ ወደ እኔ ዞረ። አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን መዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ጉልበቴ አልቋል። «ዝግ ነው» አልኩ። «ቁልፉም ይኸው» ብዬ ከኪሴ አውጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ከዚያ ዲኑ ብድግ አለና፣ «መምህር ሊሉ የፈለጉት፣ የለውጡ ቁልፍ በእያንዳንዳችን እጅ እንዳለ ነው!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያላጨበጨበችው ስመኝ ብቻ ናት። እኔም አላጨበጨብኩም፤ እጄ ቁልፍ ይዟል።

ስብሰባው ሲያልቅ ላገኛት ብል ሰው ከበበኝ፤ ዲኑ ደግሞ መኪናው ይቸኩላል ብሎ እየጎተተ አሳፈረኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ከሕዝቡ መሀል አየኋትና አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ነገ ነይ! ነገ!» ብዬ ጮህኩላት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

እሑድ ቡሬን ቀረሁባት። ከጀመርኩ የመጀመሪያዬ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተ መጻሕፍቱን ከፈትኩ፣ መጽሐፉን ከአያ አለኸኝ ተቀበልኩ፣ መስኮት ሥር ያለውን ጠረጴዛ ወልውዬ አስቀመጥኩላትና ጠበቅሁ። በሩ መከፈቱን ያየ ሁሉ ገባ፤ አስተናገድኩ። ስመኝ የለችም። ቀትር ሆነ፤ የለችም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ «ሰው ለራሱ እንኳ አይደክምም?» አልኩ። ቀጥሎ ፈራሁ፤ መኪና ተገልብጦባት ይሆን? በየደቂቃው በር ላይ ወጥቼ በገበዝ ማርያም በኩል ያለውን መንገድ አያለሁ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አያ አለኸኝ «መምህር! መጣች!» ብለው ጠሩኝ። ወጥቼ ባይ በቋሪት በኩል ማንም የለም። ስመኝ የምትመጣው በማዶው በኩል፣ ከቡሬ ነው።

«ቡሬ ነበርኩ» አለችኝ፣ ከንፈሯ ደርቆ።

«ምን ልትሠሪ?»

«የቡሬው ትምህርት ወደ እሑድ ተዛውሯል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሑድ ቁልፉ ቡሬ አይደል? ነገ ነይ ሲሉኝ ቡሬ ነው ብዬ… አውቶቡሱ በዚህ በር ላይ ነው ያለፈው፣ አይቼዋለሁ። ወርጄ ብጠይቅ ወንበሬን አጣለሁ፣ ቁልፉም አይኖርም ብዬ ተውኩት።»

«እና እስካሁን?»

«ተማሪዎችዎ ተሰብስበው እየጠበቁዎ ነበር። አሳዘኑኝ። መጠበቅ እንዴት እንደሚያደርግ አውቃለሁ መምህር። ገብቼ አስተማርኩልዎ።» ፈራ ተባ እያለች ጨመረች፤ «ለሚቀጥለው እሑድም እንድመጣ ጠይቀውኛል።»

መሳቅ አማረኝ፤ ጉልበት አጣሁ። እጇን ይዤ አስገባኋትና መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት። የነበሩትን ተማሪዎች በልመና አስወጣሁ። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይገባ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። አዎ፣ አንድ ሰው እንዲያነብ ቤተ መጻሕፍቱን ቆለፍኩ። እሷ ገጹን ስትገልጥ፣ ከንፈሯን ስታነቃንቅ፣ አንዳንዴ ቀና ብላ ጣሪያውን አይታ ስትመለስ፣ እኔ ከማዶ ተቀምጬ ምንም ሳልሠራ አያት ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለኝ። ሥራዬ ይኼ ነበር እኮ! መሽቶ ዓይን እስኪይዝ ድረስ አነበበች፤ መጽሐፉ ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

ሰኞ ተፈተነች። ውጤቱ ሲወጣ አልፋለች፤ ለጥቂት፣ ግን አልፋለች። ሮጣ መጥታ ስትነግረኝ እጄን ልትስም ነበር። «ከየትኛው ምዕራፍ ወጣ?» አልኳት። «ከማውጫው ነው መምህር» አለችኝ። «ዘርዝሩ የሚለው ሁሉ ከማውጫው ነው የወጣው!»

ከዚያ ወዲህ ስመኝ ዲፕሎማዋን ያዘች። አንደኛ ክፍሏም አልተወሰደባትም። ትምህርት ቤቷ አንዲት ክፍል ለይቶ ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት ወረዳው «ልምድ ያላት» ብሎ ከማስተማሯ ጋር ደርባ እንድትይዘው አደረጋት፤ መጽሐፎቹም በስሟ ተመዘገቡ። ስሰማ እንደ ልጄ ኮራሁባት።

ቆይቶ አንድ ጊዜ ደግሞ ለሌላ ዓውደ ጥናት ወደ ገበዝ ማርያም ተላክሁ። እርግጥ ያን ሳምንት ኮሌጃችን ውስጥ የማሠለጥነው ሥልጠና ነበረኝ፤ ዲኑ ግን «እሱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ይኼን» ስላለኝ ትቼው ወጣሁ። ዓውደ ጥናቱ ከቀትር በፊት ሲያበቃ የስመኝን ቤተ መጻሕፍት ሳላይ አልመለስም ብዬ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። ደጁ የተጠረገ፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባ፣ የምታምር ክፍል ናት። ተቆልፏል። ደረጃው ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ደብተሯን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ስመኝ የለችም?» አልኳት።

ብድግ ብላ ሰላምታ ሰጠችኝ። «የለችም ጋሼ። ቁልፉን ይዛ ፍኖተ ሰላም ሥልጠና ሄዳለች።»

«የምን ሥልጠና?»

«የቤተ መጻሕፍት አያያዝ ነው አሉ። ግን መምህሩ የሉም ተብሎ ከትናንት ጀምሮ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው።»

መምህሩ ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እጄን ኪሴ ውስጥ ብከት የእኔው ቁልፍ አለ፤ ለዚህች በር አይሆንም። እግሬን ደግሞ ደክሞኛል።

«ጠጋ በይልኝ እስቲ» አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።